ቀንዷን ሳላይ ስም ያወጣሁላት ቢራቢሮ

ስለ አንዲት ቢራቢሮ ይሄን ያህል ይጻፋል እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን እኔም እላለሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ከአትላንታ ኮንቴይነር ጭኜ ሳቫና ወደብ አደርሳለሁ፤ ከወደቡ ደግሞ ጭኜ እመለሳለሁ። ሜከን ከተማን አልፋችሁ በአሥራ ስድስት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ባሕሩ ስትወርዱ፣ በስተቀኝ የኦክመልጊ ወንዝ ረግረግ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ባጠገቡ ሳልፍ ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ ከመምሰሉ በቀር ምንም አይቼበት አላውቅም።

ወደ ውስጥ የላከችኝ ሐኪሜ ናት። «ስኳርህ አፋፍ ላይ ነው። መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት እስቲ ተራመድ» አለችኝ። የት ልራመድ? መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ዙሪያዬን ስሽከረከር ጥበቃው ጠርጥሮኝ ሁለት ቀን ተከተለኝ። ከዚያ በኋላ ሜከን ላይ የዕረፍት ሰዓቴ ሲደርስ ወደ ወንዙ ዳር የእግር መንገድ መውረድ ጀመርኩ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል። ምሽት ነው። አንድ ዛፍ ግንድ ላይ ራሷን ቁልቁል አድርጋ የተለጠፈች ቡናማ ነገር አየሁ። የዛፉ ቅርፊት መስላኝ ነበር። ጠጋ ስል ብር አለችና ቀጥሎ ያለው ዛፍ ላይ ተለጠፈች። የታጠፈው ክንፏ ላይ በመደዳ ዓይኖች አሉ። ጥቁር ናቸው፣ ቢጫ ቀለበት ዞሯቸዋል፣ የአንዳንዶቹ መሃል ነጭ ነጥብ አለበት። ቆሜ ሳያት መልሳ የምታየኝ መሰለኝ። በስልኬ አነሳኋትና ማታ መኪናዬ ውስጥ ተኝቼ ምን እንደሆነች ስፈልግ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

ያገኘሁት ይሄን ነው። ፐርሊ አይ የሚባሉ ቢራቢሮዎች አሉ፤ የእንቁ ዓይን ማለት ነው። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሦስት ናቸው፤ ሦስት እህትማማቾች በሏቸው። ኖርዘርን፣ ሰዘርን እና ክሪዮል። እኔ ለራሴ ሰሜኔዋ፣ ደቡቤዋና ክሪዮሏ እላቸዋለሁ። ሦስቱም ቡናማ ናቸው፣ ሦስቱም ጥላ ይወዳሉ፣ አበባ ላይ አታገኟቸውም። የሚመገቡት የዛፍ ፈሳሽ፣ የበሰበሰ ፍሬ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ፋንድያም ነው። ሰሜኔዋና ደቡቤዋ ለብዙ ዘመን እንደ አንድ ዝርያ ሲታዩ የኖሩ ናቸው። ባለሙያው ራሱ እንዲህ ከተምታታበት እኔ ምን ልሁን?

ብርቋ ክሪዮሏ ናት። ሳይንሱ እ.ኤ.አ. በ1897 ስም ሰጥቷታል። ክንፏ ሲዘረጋ ስድስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምትኖረው ውሃ በሚተኛባቸው የወንዝ ዳር ጫካዎች ነው፤ እዚያም ቢሆን ሁሉም ቦታ አትገኝም። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ካፈርኩና ከታመምኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ያፈርኩበትን ልንገራችሁ። ሦስቱን ለመለየት በፊት ክንፍ የታችኛው ገጽ ላይ ያሉትን ዓይኖች ቁጠር የሚል አነበብኩ። ደቡቤዋ አብዛኛውን ጊዜ አራት አላት፣ ክሪዮሏ አምስት። ፎቶዬን አጉልቼ ቆጠርኩ። አምስት! ልቤ ዘለለ። ወዲያው ቢራቢሮ የሚከታተሉ ሰዎች ለሚሰባሰቡበት ቡድን ላክሁ። «ክሪዮል አገኘሁ» ብዬ፣ ቦታውንም ጭምር ጽፌ። ለማያውቅ ሰው ቁርጠኝነቴ የሠላሳ ዓመት ባለሙያ ያስመስለኛል።

አንድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር መለሱልኝ። አንድ መስመር ብቻ ነው፤ «ቀንዷን አሳየኝ» የሚል።

ቀንድ የሚሉት ራሷ ላይ ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ነው። የላክሁት ፎቶ ላይ ቀንድ የለም። ፎቶው እንዲያምር ብዬ ክንፏ ብቻ እንዲታይ ዙሪያውን ቆርጬዋለሁ። ዋናውን ፎቶ ደግሞ ስልኬ ሞላ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ቆሽቴ አረረ። ሽማግሌው ግን አልዘለፉኝም። ደቡቤዋም አንዳንዴ አምስት ዓይን ታወጣለች፣ ክሪዮሏም አንዳንዴ አራት ይዛ ትገኛለች፣ ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይመሰክርም ብለው በትዕግሥት አስረዱኝ። የእኔዋ ምን እንደነበረች እስካሁን አላውቅም።

እባካችሁ ከዚህ ተማሩ። ፎቶ አትቁረጡ፣ አታጥፉ። ደብዘዝ ያለውም፣ የተንሻፈፈውም ይቀመጥ። የማታምረዋ አሥረኛዋ ፎቶ ላይ ነው አንዳንዴ ማስረጃው ያለው። ስልክ ላይ ያለው የነፍሳት መለያ መተግበሪያ ስም ሲሰጣችሁም እንደ ጥቆማ ውሰዱት እንጂ እንደ ፍርድ አትውሰዱት። ስም ለመስጠት የቸኮለ ሰው የማይመስለውን ማየት ያቆማል። እኔ አምስቱን ዓይን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር ለማየት አልፈለግሁም ነበር።

ያንን በጋ በሙሉ እልህ ይዞኝ ፈለግኳት። ስህተቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ቀን በፀሐይ ነው የምሄደው፤ እነሱ የጥላና የምሽት ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ቢራቢሮ ስለሆነች ሣር ያለበት ገላጣ ቦታ እመርጣለሁ። ጉልበቴ ድረስ በሚደርስ ሣር ውስጥ በቁምጣ! የአገሬ ሰው ቁምጣ ለብሶ ነው ሣር የሚያጭደው እያልኩ። ቢራቢሮዋን አላገኘኋትም፤ መዥገር ግን አገኘኝ። ጀርባዋ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ያላት፣ ሎን ስታር የምትባል መዥገር ናት። ከጭኔ ላይ ነቀልኳት፣ አከክሁ፣ ረሳሁት።

እንቁጣጣሽ መጣ። ቤተሰብ ተሰብስቦ በግ ታረደ። ጥብሱን እንደሚገባው በላሁ። ሌሊት ስድስት ሰዓት አልፎ በማሳከክ ነቃሁ። መብራት ሳበራ ሆዴና ጀርባዬ እንደ ካርታ በቀይ ተለብጧል፣ ከንፈሬ አብጧል። ባለቤቴ ጮኸች። ድንገተኛ ክፍል ወሰዱኝ፣ መርፌ ወጉኝ፣ «ቅመም ይሆናል» ብለው ሸኙኝ። በርበሬ? እኔ? ከእናቴ ጡት ቀጥሎ የማውቀው በርበሬን ነው።

ከወር በኋላ ሥጋ ስበላ ተደገመ። ያኔ የራሴ ሐኪም አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «መዥገር ነክሶህ ያውቃል?» አለችኝ። ደም አስመረመረችኝና አልፋ ጋል ሲንድረም መሆኑ ታወቀ። መዥገሯ ስትነክስ ሰውነት የበግ፣ የበሬ፣ የፍየል፣ የአሳማ ሥጋን እንደ ጠላት እንዲቆጥር ታስተምረዋለች። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም፤ ከበሉ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከሥጋው ጋር የማያገናኘው። ዶሮና ዓሣ አይነኩም። ቅቤ እኔን አልነካኝም፤ ወተትና ቅቤም የማይስማማቸው ግን አሉ። መዥገር በድጋሚ ከነከሰ ይብሳል፤ ካልነከሰ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ሊለዝብ ይችላል። አሁን እኔ ክትፎ ቤት ገብቼ ጎመንና አይብ የማዝ ሰው ነኝ። እናቴ በስልክ ስነግራት «ልጄ ሳያስበው መነኮሰ» አለች።

በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ያላችሁ፣ ቢራቢሮ ባትፈልጉም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ፓርክ የምትሄዱ ሁሉ ይሄን ያዙልኝ። ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ እግሩን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። ጫማና ሱሪ ላይ የሚነፋ ፐርሜትሪን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ከቤት ውጭ ትነፉታላችሁ፣ ሲደርቅ ትለብሱታላችሁ። ቆዳ ላይ አይደረግም። ለቢራቢሮም መርዝ ስለሆነ ጫካ ውስጥ አትንፉት። ቤት ስትገቡ ልብሱን ከመታጠቡ በፊት ለአሥር ደቂቃ ትኩስ ማድረቂያ ውስጥ ክተቱት። ገላችሁን ፈትሹ፤ ብብት፣ ጉልበት ሥር፣ ጆሮ ጀርባ። ተጣብቃ ካገኛችኋት በጥፍር አትጭመቋት፤ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ።

ክረምቱ መጣ፤ ማለቴ የዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ። ፍለጋውን ትቼው ነበር። ለእግር መንገዱ ብቻ እሄዳለሁ። ጃንዋሪ ላይ ዛፎቹ ሁሉ ራቁታቸውን ናቸው። ሳይፕረሱም ቱፔሎውም ግራጫ ግንድ ብቻ ነው። በዚያ ግራጫ መሃል፣ ከወንዙ አንድ እጥፋት ማዶ፣ አረንጓዴ ነገር ታየኝ። ሰፊ ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ሸንበቆ መሰለኝ። በበጋ ያን ያህል ስመላለስ ከሌላው ቅጠል ጋር ተቀላቅሎብኝ ልብ ብዬው አላውቅም።

ጠጋ ብዬ አንዱን በእጄ ያዝኩ። አንጓ አለው። አንጓው ላይ ደረቅ ቅርፊት ተጠምጥሟል። ስቆነጥጠው ጠንካራ ነው፣ ተሰብሮ የወደቀውን ሳየው ውስጡ ባዶ ነው። እኔ የተወለድኩት እንጅባራ አጠገብ ነው። አጥራችን፣ ቅርጫታችን፣ የጣራችን ማገር በምን እንደተሠራ አውቃለሁ። እዚያው ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። በእሷ በኩል እየመሸ ነበር።

«እማዬ፣ አሜሪካ ቀርከሃ አገኘሁ።»

«ተክለውት ነው?»

«ጫካ ውስጥ ነው። የራሱ ነው።»

«እና ቁረጥና አጥር ሥራበታ» አለች።

የሰሜን አሜሪካ የራሱ ቀርከሃ እንዳለው አላውቅም ነበር። ኬን ይሉታል። ከእኛው የደጋ ቀርከሃ በጣም ይቀጥናል፤ ቤተሰቡ ግን ያው ነው። ድሮ በነዚህ ወንዞች ዳር ለማይሎች የሚዘረጋ የኬን ጫካ ነበር። ቼሮኪዎች እስካሁን ቅርጫት ይሠሩበታል። ኬን የበቀለበት አፈር ለም ስለሆነ ገበሬው መነጠረው፣ ከብት ጋጠው፣ ይታደስበት የነበረው እሳትም ቀረ። ዛሬ ከድሮው የቀረው ከ2 በመቶ በታች ነው። የክሪዮሏ አባጨጓሬ ደግሞ የሚበላው የኬን ቅጠል ነው። ብርቅ የሆነችው እንግዲህ ለዚህ ነው። ቤቷ ነው ያለቀው።

አንድ በጋ ሙሉ ቢራቢሮዋን ስፈልግ ቆይቼ፣ መፈለግ የነበረብኝ የምትበላውን ነበር። የማንኛውም ብርቅ ቢራቢሮ ነገር እንዲህ ነው። መጀመሪያ አባጨጓሬው ምን ይበላል ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ያን ተክል ፈልጉ። ኬንን ከሆነ ደግሞ በብርዱ ወራት ፈልጉት። ቅጠሉ አይረግፍም፤ ሌላው ሁሉ ሲራቆት እሱ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ይጠራችኋል። ትንኝና እባብም የለም ማለት ይቻላል። ቦታውን ስልካችሁ ካርታ ላይ ምልክት አድርጉና በጋ ተመለሱ። ቅጠሎቹ ላይ ግን አትረማመዱ፤ አባጨጓሬዎቹ ብርዱን እዚያው ነው የሚያሳልፉት።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የአጋዘን አደን ከመከር እስከ ጃንዋሪ ስለሚዘልቅ ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ልበሱ። ደግሞ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ጥቁር ሰው ነኝ፣ ጆርጂያ ገጠር፣ የሰው መሬት ዳር። ካርታው ላይ እንዳየሁት የኬኑ ግማሽ የአንዲት አሮጊት መሬት ነበር። ቀን በብርሃን፣ በፊት ለፊት በር ሄጄ፣ ስልኬ ላይ የቢራቢሮዋን ሥዕል እያሳየሁ ጠየቅኳቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። «ለዚች?» አሉ። ከዚያ «በረቱን ዝጋልኝ እንጂ የፈለግከውን እይ» ብለው ፈቀዱልኝ። ወንዙ ዳር ለመጥፋት ሳይሆን ለመታየት ሂዱ ነው የምለው።

ሁለተኛው በጋ ጁን ላይ፣ ሙሉ ተስፋ ሰንቄ ገባሁ። ኬኑ ውስጥ በመጀመሪያው ምሽት ሰባት ፐርሊ አይ አየሁ። ደስታዬ ወሰን አጣ። በዚህ ጊዜ ግን ተምሬያለሁ፤ ቀንድ! ሁሉንም ከጎንም ከፊትም አነሳኋቸው።

የቢራቢሮ ቀንድ ጫፉ ላይ ያብጣል። ክብሪት እንጨት አስቡ፤ ቀጭን ዘንግና ራስ። የደቡቤዋ ክብሪት ራስ ሙሉ በሙሉ ብርቱካናማ ነው፣ ጥቁር የሚባል ነገር የለበትም። ጥቁር ካለበት ደቡቤዋ አይደለችም። በቃ፣ ይቺ ናት የመጀመሪያዋ ፈተና። ፎቶዎቹን መኪና ውስጥ ከፈትኳቸው። ብርቱካናማ። ብርቱካናማ። ብርቱካናማ። ሰባቱም።

ለካ ደቡቤዋም የምትበላው ኬን ነው! ቤት ተጋርተው ነው የሚኖሩት። ሰሜኔዋ ናት ሌላ የጫካ ሣር የምትበላው። ስለዚህ ኬኑ ወደ ቦታው ያደርሳችኋል እንጂ አይለይላችሁም። ያንን በጋ ስልሳ ምናምን ደቡቤ ቆጥሬያለሁ፣ ክሪዮል ዜሮ። አፓላቺያን ብራውን የምትባል ሌላ ዘመዳቸውም ሁለት ጊዜ አሳስታኛለች፤ እሷ አነስ ትላለች፣ ፈዛዛ ናት።

ግን ያ በጋ ባክኖ አልቀረም። ስልሳ ጊዜ ያየኸው ነገር ዓይንህ ውስጥ ይቀመጣል። የተለየች ስትመጣ ሳታስብ ትነቃለህ። ጀማሪ ብትሆኑ የምመክራችሁ ይሄንኑ ነው፤ ብርቋን ከመፈለጋችሁ በፊት ተራዋን እስኪሰለቻችሁ ድረስ እዩ።

ማጥመጃ የተማርኩትም ያኔ ነው። የበሰበሰ ሙዝ፣ ቡናማ ስኳርና ቢራ ቀላቅለህ ሁለት ሦስት ቀን ታብላላለህ፣ ከዚያ ግንድ ላይ ትቀባለህ። እኔ ቢራውን በጠላ ቀየርኩት። ባለቤቴ ለክርስትና የጠመቀችው ተርፎ ነበር። አተላውን ከሙዝ ጋር ስለውሰው «አሁንስ አበድክ» አለችኝ። ሃክቤሪ ኤምፐረር የሚባለው ቢራቢሮ ተንጋግቶ መጣ፣ ተርብ መጣ፣ የእሳት እራት መጣ። ሰክረው ተንከባለሉ። ይሄን የማደርገው አሮጊቷ መሬት ላይ ብቻ ነው፤ በመንግሥት ጥብቅ ቦታ ከሆነ ሠራተኞቹን ሳትጠይቁ ምንም አትቀቡ፣ መረብም ይዛችሁ አትግቡ።

ሦስተኛው በጋ በጭቃ ጀመረ። ዝናብ በዝቶ ወንዙ ኬኑ ውስጥ ተኛ። አንድ ቀን ሳላጣራ ገብቼ አንድ ጫማዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። የወንዞችን ከፍታ በቀጥታ የሚያሳይ የመንግሥት ድረ ገጽ አለ፤ ከቤት ሳትወጡ እዩት። ኮተንማውዝ የሚባለው መርዛማ እባብም ውሃ ዳር ያለ ግንድ ይወዳል፤ ሳታዩ አትርገጡ፣ ሳታዩ አትቀመጡ።

ኦገስት መጨረሻ ላይ ውሃው ሸሸ። ሁለተኛው ትውልድ የሚበርበት ወቅት ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከኬኑ ጠርዝ አንድ የወደቀ ግንድ ላይ፣ ሥሩን በዱላ ከፈተሽኩ በኋላ፣ ተቀመጥኩ። ላቤ ይንቆረቆራል። ካሜራዬ አንገቴ ላይ ነው።

አንዷ መጣችና ጉልበቴ ላይ አረፈች።

እነዚህ ቢራቢሮዎች የሰው ላብ ይወዳሉ። ምላሷን ዘርግታ ሱሪዬን መምጠጥ ጀመረች። ካሜራዬ ሩቅ የሚያቀርብ ነው፤ እንዲህ ቅርብ ሲሆን አያነሳም። ስልኬ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እሷ ያለችበት እግር ኪስ ውስጥ። ከተንቀሳቀስኩ ትሄዳለች። ስለዚህ ያለኝ ዓይኔ ብቻ ነበር። አየኋት።

የክብሪቱ ራስ ጥቁር አለበት። ትንፋሼን ያዝኩ። ደቡቤዋ አይደለችም። ቀጥዬ መስመሩን ፈለግሁ። በፊት ክንፏ የታችኛው ገጽ ላይ፣ ከዓይኖቹ መደዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ መስመር ቁልቁል ይወርዳል። በሌሎቹ እህትማማቾች ይሄ መስመር ለስለስ ብሎ ነው የሚያልፈው። በዚች ግን መሃል ላይ ሲደርስ ድንገት ወደ ውጭ ገፍቶ ይወጣል። እጃችሁን ጨብጡና የመሃል ጣታችሁን አንጓ እዩ፤ ልክ እንደዚያ። ያንን ሁሉ ሥዕል ሳይ ኖሬ ይሄን ያህል ጎልቶ የሚታይ አልመሰለኝም ነበር። ከዚያ በመጨረሻ፣ እንደ ምርቃት፣ ዓይኖቹን ቆጠርኩ። አምስት።

ክንፏ ላይ እየመሸ ያለው ብርሃን ሲያርፍበት ቡናማው ሐምራዊ ሆነ። ለምን የእንቁ ዓይን እንዳሏት ያኔ ገባኝ።

ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። ተነስታ ሦስት ሜትር ርቃ ግንድ ላይ ተለጠፈች። ያኔ ነው ካሜራዬን ያነሳሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሃያ ምናምን ጊዜ ተኮስኩ። አንዷ ብቻ ወጣች፤ ትንሽ ተንሻፋለች፣ ቀንዱ ግን አለ፣ አንጓውም አለ፣ አምስቱም አሉ። ወንድ ትሁን ሴት አላወቅሁም። ወንዱ የፊት ክንፉ ሾል ይላል፣ የላይኛው ገጽ ላይ ደግሞ በደም ሥሮቹ መካከል ጠቆር ያሉ ጥፍጥፎች አሉት፤ ግን ሲያርፉ ክንፋቸውን ስለሚያጥፉ የላይኛውን ገጽ ማየት ዕድል ነው።

እናንተም ቅደም ተከተሉን እንዲሁ ያዙት። ቀንድ፣ መስመር፣ ከዚያ ቁጥር። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ከመጨረሻው ነበር የጀመርኩት። ፎቶ ለማንሳት ደግሞ ከሩቅ አንዴ አንሱ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ እንደገና አንሱ። ጥላችሁ እንዳያርፍባት ዝቅ በሉ። ከጎን ካነሳችሁ በኋላ ወደ ፊቷ ዞራችሁ ለቀንዱ ብቻ አንድ አንሱ። ስልክ ከሆነ ያላችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ከመሃል ጥሩዋን ምስል ታወጣላችሁ። ስልካችሁን ደግሞ ኪስ ውስጥ አታድርጉ።

ፎቶውን ሳልቆርጥ፣ ስምም ሳልሰጥ፣ ለሽማግሌው መምህር ላክሁ። «ምን ይመስልዎታል?» ብቻ ነው ያልኩት። ሁለት ቀን ዝም አሉ። ሁለቱን ቀን ሳቫና ደርሼ እስክመለስ ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አትጠይቁኝ። ከዚያ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው መለሱ። ቀንዱን፣ መስመሩን፣ ቁጥሩን በተራ ጻፍኩላቸው። «ታዲያ እኔን ምን አደከምከኝ» አሉና እንኳን ደስ ያለህ የሚል ጨመሩበት። ቡድኑ ውስጥ ሳስገባው ትክክለኛውን ቦታ ደበቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተሰማ የሚመጣው እግር ኬኑን ይጨርሰዋል። አሮጊቷን ግን ወስጄ አሳየኋቸው። ሰማንያ ዓመት ባጠገቧ ኖሬ አላውቃትም አሉ። ቅጠሉን ለከብት እንዳያስግጡት ለልጃቸው ሲነግሩት ሰማሁ።

ስኳሬ? ወረደ። ሐኪሜ በምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ አንድ ሰዓት አወራሁባት።

ለእናቴም ፎቶውን በእህቴ ስልክ ላክሁላት። ጠጋ አርቃ፣ ጠጋ አርቃ አየቻት።

«ይቺ ናት ሥጋ ያስተወችህ?»

«እሷ ሳትሆን መዥገሯ ናት እማዬ።»

«ኧረ ከጓሮ ቀርከሃው ላይ የምታርፈው ከዚች ታምራለች። ቡናማ ሆና ዓይን ዓይን አላት።»

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። «እስቲ ነገ ስትመጣ ቀንዷን እይልኝ» አልኳት።